በደቡብ መስኮት በኩል የሚቀመጡት ሴቶች

ይድረስ በአገር ቤት፣ በስሞላንድ፣ ለታላቅ እህቴ ለኢንገቦርግ።

እህት ዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? የእናታችንን ጉልበት ብርዱ እንዴት አደረገው? የአባታችን ሳልስ ለቀቀው? ላሟ ወለደች ወይስ ዘንድሮም አታላችሁ ቀረች? እኔም፣ ባሌ ፔርም፣ ሕፃኗም፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። በቆሎው አላሳፈረንም፤ ነፋሱ ግን ያው እንደ ተጣላ ጎረቤት በራችንን ሲደበድብ ይውላል።

ሁልጊዜ «ሂልማ ጠይቃ አትጠግብም» ትይኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ባሕር መሻገርም አልቀየረኝ። ሲከነክነኝ የኖረው የቤተ ክርስቲያናችን ነገር ነው። እናንተ ዘንድ ሴት በግራ፣ ወንድ በቀኝ ይቀመጣል አይደል? እዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሴቶች በቀኝ፣ በደቡቡ መስኮት በኩል ናቸው። ገና እንደ መጣሁ በለመድኩት በግራ ገብቼ ጢማሞቹ መሀል ጉብ አልኩና ምእመኑን ሁሉ አሳቅሁ።

ምክንያቱን ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ፔር ስመጣ እንዲሁ ነው ያገኘሁት ብሎ ገላገለኝ። ደወል ደዋዩ ሴቶች እንዳይበርዳቸው ወደ ምድጃው ተጠግተው ነው አለኝ፤ ምድጃው ግን የገባው በቅርቡ ነው። አንጥረኛው ደግሞ አናጢው ሰክሮ ቤቱን አዙሮ ስለ ሠራው ነው ብሎ ማለልኝ። አናጢው የሚስቱ ወንድም ነው፤ አይዋደዱም።

ዘንድሮ አዲስ ቄስ መጡልን። ቄስ ሊንድማርክ ወጣት ናቸው፣ ሥርዓትም ይወዳሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር የተመሠረተበት ሃያኛ ዓመት ሲከበር ሁሉም እንደ አገር ቤት ይቀመጥ፣ ሴቶች ወደ ግራ ይሻገሩ አሉ። ወንዶቹ ተሰብስበው ተስማሙ፤ እኛ እንደምታውቂው ድምፅ የለንም። ከመሥራቾቹ ሴቶች ብቻቸውን የቀሩት እማማ ካይሳ ግን ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረግጥም አሉ።

እኔ መች አርፌ እቀመጣለሁ፤ ቤታቸው ሄድኩ። ካልሲ እየሠሩ፣ ቀና ሳይሉ ነገሩኝ። እዚህ በሰፈሩበት በመጀመሪያው የበረዶ ወራት፣ ሰው ሁሉ በአፈር ጎጆ ሲኖር፣ ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ገብቶ ልጆቹን ጨረሳቸው። የእሳቸውም ሁለቱ፣ ሊና እና ኤሚል፣ በዚያው ሄዱ። ኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ከመቃብራቸው አጠገብ ተሠራ። በሩ ሲከፈት እናቶቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ መቃብሩ ወደሚታይበት መስኮት ሄደው ተቀመጡ፤ ወንዶቹም ምክንያቱን ሳይጠይቁ በቀረው በኩል ሆኑ። ከዚያ እናቶቹ ከፊሎቹ ሞቱ፣ ከፊሎቹ ወደ ምዕራብ ተሰደዱ፤ የቀረው ልማዱ ብቻ ነው።

ለቄሱ ልንገራቸው ብል «ሐዘኔን ስብሰባ ላይ እንዳታወጪብኝ» አሉኝ። ባላቸው አባባ ዮናስ እንኳ፣ መቃብሩን በገዛ እጃቸው ቆፍረው፣ ከዚያ ወዲህ የልጆቹን ስም አንሥተው አያውቁም። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ እኔ ሂልማ! ለበዓሉ ብቻ ከጎኔ ይቀመጡ ብዬ በልመና አመጣኋቸው።

በበዓሉ ቀን በግራ ተቀመጥን። የእማማ ካይሳን እጅ ብይዘው በረዶ ነው። ማዶ አባባ ዮናስ መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ደረሳቸው። ቄሱ የማኅበሩን ታሪክ ያነቡ ጀመር፤ መሬቱን ማን ሰጠ፣ እንጨቱን ማን ጎተተ፣ ደወሉ ከየት መጣ። ስለ ልጆቹ አንድም ነገር የለም። አባባ ዮናስ ወደ ውጭ አዩ። ሣሩ ለበዓሉ ታጭዶ ስለ ነበር ትንንሾቹ መስቀሎች ብቅ ብለዋል። ዓይናቸው እዚያው ቀረ። ንባቡ ሳያልቅ ድንገት ተነሡ፤ ሊወጡ ነው ስንል መተላለፊያውን ተሻግረው እኛ ዘንድ መጡ።

«ካይሳ፣ ከዚያ ሆኖ ይታያሉ ለካ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መች ጠየቅኸኝ» አሉ እማማ ካይሳ።

አባባ ዮናስ የሚስታቸውን እጅ ይዘው መስኮቱ ሥር አስቀመጧቸው፤ ራሳቸውም አጠገባቸው ተቀመጡ። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስት ባንድ አግዳሚ ሲቀመጡ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ቄሱ ንባቡን ትተው መዝሙር አስጀመሩ። እኔማ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ፔር ከማዶ በአገጩ ነይ ሲለኝ ሕፃኗን ታቅፌ ተሻገርኩ።

አባታችንን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ልጆችሽን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አክስታችንን ሶፊያንም የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆነኝ በያት። እናታችንን ደግሞ ደጋግመሽ ሳሚና አረፍ ስትል ጠብቀሽ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ከአንቺ በፊት ተወልዶ በሕፃንነቱ የሞተው ወንድማችን፣ ስሙ ማን ነበር?

እህትሽ ሂልማ

አልምዳል፣ ነብራስካ
ጥቅምት 1894