የጎረቤታቸውን ላሞች ያቆዩት የእንስሳት ሐኪም የሕይወት ታሪክ

በዚያ ክረምት ውርጩ ቀደም ብሎ ገባ። የገንዳው ውሃ ጠዋት ጠዋት በድንጋይ ካልተሰበረ ከብት አይጠጣውም ነበር። ጭዱ ረጠበ፤ ድርቆሹ ሻገተ። በየግቢው የተወለዱ ጥጆች ሳይቆሙ ቀሩ። መጀመሪያ የወተት ዋጋ ወጣ፤ ቀጥሎ ወተቱ ራሱ ጠፋ። በከተማው ጠርዝ ባለው ሰፈር ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ሦስት ላሞች ነበሯቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሦስቱም አለቁ። የገደላቸው ግን ብርዱ አልነበረም።

ዛሬ የምንሸኛቸው ሐኪም ያን ጊዜ የሴትየዋ ጎረቤት ነበሩ። ከዚያ በኋላ የኖሩት ዕድሜ ሁሉ ከዚያ ክረምት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ታሪካቸውን ከዚያ ጀመርን።

ሐኪሙ ከጋሪ ነጂ አባታቸውና በልብስ አጠባ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የተወለዱባት ክፍል ከፈረሱ ጋጣ ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች። ፈረሱ በኮቴው ግድግዳውን ሲመታ በዚህ በኩል የተሰቀለው ድስት ይንኳኳል። አባታቸው ብርድ ሲመጣ ካፖርታቸውን አውልቀው ለፈረሱ የሚያለብሱ ሰው ነበሩ። እናታቸው፣ “እኔ ደግሞ ያገባኸው እኔን መስሎኝ” እያሉ ይተርቧቸው ነበር። ጋጣው በጆንያ፣ በካርቶንና በአሮጌ ምንጣፍ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘጋል። ሐኪሙ ከቤታቸው ያዩትና የተማሩት ይህን ነው። ከብት የሚወድ ሰው ያለብሳል፣ ይሸፍናል፣ ይዘጋል።

በትምህርታቸው ጎልተው የሚታዩ አልነበሩም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ያነበቡትን አይረሱም፤ የጀመሩትንም አይተዉም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው ወደ እንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በሃያ አራት ዓመታቸው ተመርቀው በከተማው የከብት ክሊኒክ ተቀጠሩ። ክሊኒኩ ሁለት ክፍሎችና አንድ ግቢ ነበረው። በአንደኛው ክፍል የብረት ጠረጴዛ፣ ሚዛንና መርፌ የሚቀቀልበት ምድጃ ነበር። በሌላኛው መድኃኒት ይቀመጣል። በግቢው አህያ፣ በግ፣ ውሻና ባለቤቶቻቸው አንድ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ሐኪሙ በዚያ ግቢ እስከ ጡረታቸው ሠሩ።

ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት ያ ክረምት መጣ። ከግቢ ግቢ እየዞሩ፣ “ዝጉ! ነፋስ አታስገቡ!” ይሉ ጀመር። የሚሉት ከልባቸው ነበር። በጎረቤታቸው ዘንድ ግን በመንገር ብቻ አላበቁም።

ጎረቤታቸውን ሰፈሩ ባለላሟ ይላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸውን የሚያሳድጉት በወተቱ ነበር። በረታቸውን ያሠሩት ባላቸው ሲሆኑ፣ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ክፍት ቀዳዳዎች ትተውበት ነበር። ሐኪሙ እነዚያን ቀዳዳዎች አይተው ደነገጡ። ባለላሟ፣ “ባለቤቴ ሲሠራው እንዲህ ብሎ ነው የተወው፤ ይቅር” አሉ። ሐኪሙ፣ “እትዬ፣ እሳቸው እንዲህ ያለ ብርድ አላዩም። ላሞቹ ቆመው ሊደርቁ ነው” አሏቸው። ከዚያም እጅጌያቸውን ሰብስበው ጭድ የገባበት ጭቃ አቦኩ፤ መሰላል ላይ ወጥተው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈኑ። በሩ ላይ ላስቲክ መቱበት። በማግስቱ በረቱ ሞቆ ነበር። ባለላሟም አመሰገኗቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግድግዳው ያልበው ጀመር። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ላሞቹ ሳሉ። ሐኪሙ ብርድ የመታቸው መሰላቸውና መርፌ ወጓቸው፤ ይባስ ብለው በላስቲኩ ላይ ጆንያ ደረቡበት። የመጀመሪያዋ ላም ሞተች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። በመጨረሻ ሦስተኛዋ፣ የምትታለበዋ፣ ሞተች።

የክሊኒኩ ሽማግሌ ሐኪም መጥተው የሞተችውን ከፍተው ሳንባዋን አዩ። ወደ በረቱም ገብተው ወዲያው ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ። “ብርድ አይደለም። የገዛ ትንፋሻቸውና እርጥበቱ ነው። ከብት ደረቅ ከሆነና ነፋስ ጎኑን ካልመታው ብርድ ይችላል፤ መታፈን ግን አይችልም” አሉ።

ሐኪሙ ይህን ሰምተው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ከሽማግሌው ጎን ቆመው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እየሰማ፣ “እትዬ፣ ላሞችዎን የገደልኩት እኔ ነኝ” አሉ።

ባለላሟ አልጮኹም። “አውቃለሁ። ስትደፍን መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ ነኝ” አሉና ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። በረቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። እንደተደፈነ ቀረ። ባለላሟ በሰው ቤት ምግብ በማብሰል ልጃቸውን አሳደጉ። ላም ባይኖራቸውም ስሙ አልለቀቃቸውም።

ሐኪሙ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ጊደር ገዝተው እየጎተቱ በባለላሟ በር ቆሙ። ባለላሟ በሩን በመጠኑ ከፍተው፣ “መልሳት። እዚህ ግቢ ከብት አይገባም” አሏቸው።

“እትዬ፣ የእርስዎ ናት። እስኪፈልጓት እኔ ዘንድ ትቆያለች።”

“እንግዲያው ጥርስ አውጥታ ጥርሷ እስኪረግፍ ትቆይሃለች” ብለው ዘጉት።

ጊደሯ ቆየች። ወለደች፤ የወለደቻቸውም ወለዱ። ሐኪሙ ሦስት ላሞች ሲሞሉላቸው ከዚያ በላይ የሚሆነውን እየሸጡ ለሦስቱ መኖ ይገዙበት ነበር። “የወሰድኩት ሦስት ነው” ይሉ ነበር። ከወተቱ አንድ ብርጭቆ ወደ ቤታቸው አልገባም። ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ጭነው ለሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ያደርሳሉ።

በሠላሳ ዓመታቸው ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የተዋወቁትም ለጥጆች የጆንያ ልብስ ሊያሰፉ ሄደው ነው። ባለቤታቸው፣ “ሌላው ወንድ ለእጮኛው ቀሚስ ያሰፋል፤ የኔው ለጥጃ ይዞልኝ መጣ” ይላሉ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጆቻቸው ያደጉት ላሞቹ ባሉበት ግቢ ከሱቅ በተገዛ ወተት ነው። ልጃቸው ትንሽ ሳለች፣ “አባዬ፣ ጓደኞቼ እኮ ላማችሁ የውሸት ናት ወይ እያሉ ይስቁብኛል” ስትላቸው፣ “የውሸት አይደለችም፤ የሰው ናት” አሏት። ከዚያ በላይ አላብራሩላትም።

በሥራቸው ጠባያቸው ከዚያ ክረምት በኋላ ተለወጠ። ብርድ ሲገባ በየበረቱ ይዞራሉ። ገብተው ቆመው አያዩም። ላሟ በተኛችበት ቁመት ቁጢጥ ይሉና አፋቸውን ዘግተው በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። ዓይናቸው ካቃጠላቸው ይነሱና መዶሻ ያስመጣሉ። ከጣሪያው ሥር ያስበሳሉ፤ ከታች፣ በከብቱ ጎን በኩል ያለውን ደግሞ ያስደፍናሉ። ጉዝጓዙን በጉልበታቸው ተጭነው ያዩታል፤ ሱሪያቸው ከረጠበ ይለወጥ ይላሉ። ከታለበች በኋላ ጡቷ ሳይደርቅ ወደ ውርጭ የተለቀቀች ላም ካዩ ባለቤቷን ሳይቆጡ አይወጡም። ሰዎች “ዶክተር ቀዳዳ” የሚል ስም አወጡላቸው። ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲሉ፣ “ግድግዳችሁን ያዙ፤ ዶክተር ቀዳዳ መጣ!” ይባል ነበር። እሳቸው አይቆጡም፤ አይስቁምም። የሚስቅባቸው ሰው በረቱን ከበሳ ይበቃቸው ነበር።

ሁሉንም አላዳኑም። አንድ ዓመት አንድ ጋሪ ነጂ በቅሎዎቹን ላሙቃቸው ብሎ የከሰል ማንደጃ አስገብቶ በሩን ቆለፈባቸው። ሐኪሙ ሲደርሱ በቅሎዎቹ ተጋድመው ነበር። ጋሪ ነጂው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ “ዶክተር፣ እኔ እኮ አዝኜላቸው ነው” እያለ ያለቅሳል። ሐኪሙ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ብዙ ቆዩ። ምን እንዳሉት አይታወቅም። ሌላውን ስለ ቸልተኝነቱ የሚቆጡት ሐኪም እንዲህ ያለውን ሰው ግን አንድም ቀን ክፉ ተናግረው አያውቁም።

በአርባዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ከሚያዋልዷቸው ላሞች የሚመላለስ ትኩሳት ያዛቸው። እየተሻላቸው እየተመለሰባቸው ወገባቸውን አጎበጠው፤ በኋላም ልባቸውን ነካው። በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ክሊኒኩ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ሰዓቱን በቤት ውስጥ ሰቀሉት፤ እሳቸው ግን ብርድ ሲገባ በየበረቱ መዞራቸውን አላቆሙም።

ከባለላሟ ጋር በዚህ ሁሉ ዘመን በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ኖሩ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሐኪሙ ቆመው ጎንበስ ይላሉ፤ ባለላሟ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። በየዓመቱ ብርዱ ሲያበቃ ሐኪሙ በራቸውን አንኳኩተው፣ “እትዬ፣ ላሞችዎ ደኅና ከርመዋል” ይሏቸዋል። ባለላሟ፣ “የምን ላም?” ይላሉ። ሐኪሙ ይመለሳሉ። ባለቤታቸው፣ “እስከ መቼ ነው ይህ ነገር?” ብለው ሲያማርሯቸው፣ “እስኪወስዷቸው ነው። ሳይወስዷቸው ከሞትኩ ግን ክፉ ነው” ይሉ ነበር። ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ የሚፈሩት ይህንኑ ነበር።

በዚህ ክረምት ውርጩ እንደገና ጠና። ሐኪሙ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ። ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው አልጋቸው አጠገብ ሰነበቱ። ላሞቹ በኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወንድ ልጃቸው እጅ ወደቁ። ልጁ በሙያው የተመሰገነ ነው፤ ላም ግን አልቦ አያውቅም። በመጀመሪያው ጠዋት አንደኛዋ ባልዲውን፣ ሁለተኛዋ እሱን ረገጠችው። በሁለተኛው ቀን ጡታቸው ተወጥሮ ሦስቱም አንድ ላይ ይጮኹ ጀመር።

ይህን ጩኸት በግድግዳው ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ላም አልቦ የኖረ ሰው ግን ሰምቶ አይቀመጥም። ባለላሟ በዚያ ጠዋት የራሳቸውን ባልዲ ይዘው፣ በከዘራ እየተደገፉ፣ ከዚያ ቀን በፊት ረግጠውት የማያውቁትን የሐኪሙን ግቢ ገቡ። ልጁን ከላሟ ሥር አይተው፣ “ዞር በል! ሽቦ አይደለም የምትስበው” አሉት። ተቀምጠው ሦስቱንም አለቡ። ላሞቹ ዝም አሉ።

“ወተቱን የት ነው የምትወስዱት?” ብለው ጠየቁት።

“ሆስፒታል እማማ፣ ለሕፃናቱ።”

“እናንተስ?”

“እኛማ አንጠጣም። የእርስዎ ነው እንባላለን፤ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እንደዚህ ነው።”

ባለላሟ የልጁን ባዶ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡበት። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ላሞቹን ተራ በተራ አዩዋቸው። ሲነሱ፣ “መዶሻ አለህ?” አሉት።

በዚያው ቀን የሐኪሙ ልጅ የባለላሟን በረት ቀዳዳዎች ከፈተ። ጭቃው እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር እስከ ከሰዓት ፈጀበት። ባለላሟ ከሥር ቆመው፣ “ያንንም! እዚያ ጥግ ያለውንም!” እያሉ ያሠሩት ነበር። አቧራው ሲወጣ ደረቅ ጭድ አስነጠፉ። ላሞቹን በገመድ እየሳቡ በመንገዱ ወሰዷቸው። ሰፈርተኛው ከየበሩ ወጥቶ አየ።

በማግስቱ ባለላሟ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ሲያዩዋቸው ከትራሳቸው ቀና ለማለት ሞከሩ።

“ተኛ። ላሞቼን ወስጃለሁ” አሏቸው።

“ሦስቱንም?”

“ሦስቱንም። የጥቁሯ ጡት በውርጩ ተሰነጣጥቋል። ቅባት አልቀባሃትም።”

“ታምሜ ነው እትዬ።”

“አውቃለሁ” አሉና ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉላቸው።

ሐኪሙ በዚያ ቀን ምሳቸውን በሉ። ልጃቸው እንደምትለው በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ደኅና እንቅልፍ የተኙት በዚያ ቀን ነው። ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት አረፉ።

ከኀዘን ጋር የቀሩት ባለቤታቸው፣ መምህርት ሴት ልጃቸው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወንድ ልጃቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና አንድ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመሟቸውን፣ ዛሬም በዚህ ብርድ ቆመው የሚሸኟቸውን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ፈጣሪ በምድር ያጡትን ዕረፍት በሰማይ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውን ሰፊ በሆነ ቦታ ያኑርልን።

ይህ ታሪክ ከመነበቡ በፊት ባለላሟ በሰው ፊት ይነገርልኝ ብለው ቃል ልከዋል። ቃላቸው እንዲህ ይላል፦ “ሦስት ላሞች ነበሩብህ። ሦስት ላሞች ተቀብያለሁ። ሂድ።”