የድስቱ ዝናብ

ትርሲትዬ፣ «ለጤናሽ እንዴት ነሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶ ነው። ከተለየሽን አምስት ወር ሆነ። እኛ አለን። ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ምን እንደሚሰማኝ ብትጠይቂኝ ግን አላውቀውም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ደንዝዣለሁ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የገርጂው ኮንዶሚኒየም ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው፤ ጀሪካኖቹም አንቺ በደረደርሻቸው ቦታ አሉ። እህትሽ ትዕግስት ልብሶችሽን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ሽርጥሽን ብቻ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አላወረድኩትም፤ አስቤበት ሳይሆን እንዲሁ ዝም ብዬ ነው።

ልጃችን ኤልዳና ስድስት ዓመት ሞላት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። በእሷ ጉዳይ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። የለቅሶው ሳምንት ጎረቤት አስቀምጠናት ነበር። ትዕግስት «ለሕፃን መርዶ አይነገርም፤ ሰማይ ቤት ሄደች በላት» አለችኝ፤ እኔም አልኳት። «እሺ» ብላ ካርቱኗን ማየት ቀጠለች። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ዝናብ በጣለ ቁጥር በረንዳ እየወጣች ትበሰብስ ጀመር። ጉንፋን ያዛት። ተቆጥቼ በሩን ቆለፍኩባት። ለምን እንደምትወጣ አልጠየቅኳትም፤ አንቺ ብትሆኚ መጀመሪያ ትጠይቂያት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት «ባቢ፣ ዝናብ እንስራ» አለችኝ። አንቺ የብሎኩን ልጆች ወጥ ቤት ሰብስበሽ ስለ ዝናብ ታስተምሪበት የነበረውን ማለቷ ነው። ትዝ ይልሻል፣ እኔ ሳሎን ኳስ እያየሁ «ከትምህርት ቤት የተረፈሽን ደግሞ እዚህ አመጣሽው» እያልኩ ስነዘንዝሽ? አንድም ቀን ገብቼ አላየሁም። ስለዚህ ውሃ ጣድኩ፣ በክዳኑ ከደንኩ፣ ቆምኩ። ኤልዳና ሳቀችብኝ። ማሚ የምትከድነው በትሪ ነው፣ ትሪው ላይ በረዶ ታደርጋለች፣ ሰማይ ላይ ብርድ ነው እኮ አለች። ከፍሪጁ በረዶ አመጣሁ። ጥቂት ቆይተን ትሪውን ቀና ሳደርገው ከሥሩ ጠብታ ተንጠልጥሎ አየሁ፤ እያየነው ወረደ።

ከዚያ አንቺን ሆና አስተማረችኝ። ውሃው ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ይበርደዋል፣ ደመና ይሆናል፤ ሲከብድ ይወርዳል። ወደ ሰማይ የሄደ ሁሉ ይመለሳል አለችኝ። ቀጥላ «ማሚስ መቼ ነው የምትከብደው?» አለች።

ለካ በረንዳ የምትወጣው ስትወርጂ እንዳታመልጫት ኖሯል። ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ጣቶቼ በእንፋሎቱ መቃጠላቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። «ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን» ልላት ነበር። ቀላሉ እሱ ነው፤ እስከ መስከረም ያቆይልኛል። መስከረም ሲጠባ ግን ዝናቡ ያቆማል። ያኔ ሳትመጪ ስትቀሪ «ማሚ አትወደኝም» ትላለች ብዬ ፈራሁ። በዚህ አምስት ወር ውስጥ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ያ ፍርሃት ነው።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ማሚ ውሃ አይደለችም፤ ሞታለች፤ የሞተ ሰው አይመለስም፤ ባቢ ዋሽቶሻል አልኳት። «ሞታለች» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ለእኔም የመጀመሪያዬ ነበር። «ብትፈልግም አትችልም?» አለች። ብትፈልግም አትችልም አልኳት። ተነስታ ምድጃውን ራሷ አጠፋችውና ጉያዬ ገብታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ያዝኳት ብቻ። ትዕግስት ሰምታ «ምን አስቸኮለህ» ብላ ተኳርፈናል፤ ይበርድላታል።

ትርሲትዬ፣ «አልረሳሽም» ማንም ይላል። እኔ የምገባልሽ ቃል ስለ አንቺ በጠየቀችኝ ቁጥር እውነቱን እንደምነግራት ነው። ያላየሁትን፣ ኳስ ሳይ ያመለጠኝን፣ የሚያውቅሽን ሰው እየጠየቅኩ እነግራታለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ መቃብርሽ ጋ እንመጣለን። እኔ ከአርባሽ ወዲህ አልመጣሁም፤ ለእሷ የመጀመሪያዋ ነው። እንዳትፈራ ብዬ ባቢ አያለቅስም አልኳት። ካለቀስክ እኔ እይዝሃለሁ አለችኝ።