በዚህ ቤት በር አይዘጋም

ውድ ቆቄ፣

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ለወጉ አይደለም፤ ምንም አይሰማኝም ማለቴ ነው። አባባን ከቀበርነው ወዲህ አንድም ቀን አላለቀስኩም። አክስታችን "ድንጋጤው ነው፣ ቆይቶ ይወጣልሃል" ብላኝ ነበር። እስካሁን የወጣ ነገር የለም።

ባለፈው ስደውልልሽ "ፈርዖን ቢሞትም እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ምን ልዋሽሽ፣ ተቀይሜሻለሁ። ሰውዬው የለም፤ ታዲያ ከማን ጋር ነው ኩርፊያው? አባባን ፈርዖን ያልሽውም አንቺው ነሽ፣ ልቡ የደነደነ ነው ብለሽ። እኔማ ስሙን በሹክሹክታ ስጠራው እንኳ ዞር ብዬ ኋላዬን አይ ነበር።

ትናንት ሱቅ ቁጭ ብዬ የደንበኛ ሱሪ ሳሳጥር አንድ የታሪክ መምህር በሬዲዮ ስለ ቃላት ያወራል። ፈርዖን መጀመሪያ የሰው መጠሪያ አልነበረም አለ። በጥንቶቹ ግብፃውያን ቋንቋ "ታላቅ ቤት" ማለት ነው። እንዲያ የሚሉት ቤተ መንግሥቱን ነበር። ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው ስሙ ውስጡ ለሚኖረው ሰው የተላለፈው። እግሬን ከስፌት መኪናው ፔዳል አነሳሁ።

አባባ አንድም ቀን "እኔ ከልክያለሁ" ሲል ሰምተሻል? "በዚህ ቤት ሳቅ የለም።" "በዚህ ቤት በር አይዘጋም።" ሁሌ የሚከለክለን ቤቱ ነው! ልብስ ልትቀይሪ በርሽን የዘጋሽ ቀን እንኳ አልተቆጣም። መፍቻ አምጥቶ፣ አምፖል የሚፈታ ይመስል፣ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ጓዳ ከተተው። መጋረጃ ሰፍቼ ብሰቅልልሽ እሱንም አወረደው። ቆቅ ያልኩሽ ያኔ ነው፤ አንድ ዓይንሽን ገልጠሽ መተኛት ስትጀምሪ። ከዚያ ብዙም አልቆየሽም፣ ሄድሽ።

ትናንት ከሥራ ስገባ ራሴን ታዘብኩ። ጫማዬን እንደ ሌባ በእጄ አንጠልጥዬ ነው የማልፈው። በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ ቆሜ ነው የምበላው። ኧረ ለመሆኑ ማንን ነው የምፈራው? ለካ አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ሰውዬው ቢሞትም ቤቱ አለ።

ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም። በርሽን ከጓዳ ጎትቼ አወጣሁና አናጢ ጠራሁ። እርጥበት አሳብጦታል፤ ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ እየላገ ይጠይቀኛል።

"ማን ሊተኛበት ነው?"

"እህቴ።"

"መቼ ትመጣለች?"

"እኔ እንጃ። ላትመጣም ትችላለች።"

"ታዲያ ምን አጣደፈህ፣ ወንድሜ?"

"አንተ ብቻ ግጠምልኝ።"

"ቁልፉስ በየት በኩል ይሁን?"

"ከውስጥ።"

ሲሄድ ገባሁና ዘጋሁት። ቆለፍኩት። አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መፍቻ ይዞ የመጣ የለም። ያኔ ትንሽ ነገር ተሰማኝ። ለእሱ እንዳይመስልሽ፤ አንቺ ናፈቅሽኝ።

ቤቱ ይሸጥ ካልሽ ይሸጣል፣ አልሟገትሽም። ግን ከዚያ በፊት አንድ ቀን ነይና በርሽን ዝጊው። እስክትከፍቺው ድረስ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ማንም አያልፍም።

የበርሽን ቁልፍ ፖስታው ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሌላ አላስቀረጽኩም።

ልብስ ሰፊው ወንድምሽ