አሥራ ሁለተኛዋ መርፌ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን

ለውድ ልጄ፣

በአራት የገጠር ጤና ኬላዎች በሳምንት አንድ ቀን ሊጀመር የነበረው፣ በቀጭን መርፌ የሚሰጠው የአኩፓንክቸር ሕክምና ዛሬ ጠዋት ታግዷል። ማስታወቂያው በኬላችን በር ላይ ተለጥፏል። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ «ትክክለኛ ስሙ ያልታወቀ ታካሚ መርፌ በሰውነቱ ላይ እንዳለ ከሆስፒታሉ የሕክምና ክፍል ወጥቷል።»

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤም ተሽሎኛል። የምጽፍልሽም ስለ ወገቤ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሕክምና ተምረሽ ስትመጪ፣ «አባዬ፣ አንድ አልጋና አንድ መጋረጃ ይበቃኛል» ብለሽኝ ነበር። በኬላው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ያልኩትን ታስታውሻለሽ። «ሠላሳ አንድ ዓመት መርፌ ወግቻለሁ። መድኃኒት የሌለበት መርፌ ለልብስ ሰፊ ነው» አልኩ። ሰው ሳቀ። አንቺም ፈገግ ለማለት ሞከርሽ። በሳምንቱ ሄድሽ።

ባለፈው ወር ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። ለእናትሽ የታመመ ጓደኛ ልጠይቅ ነው ብዬ፣ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ተጉዤ፣ አንቺ ያሠለጠንሻት ልጅ የምትሠራበት ሆስፒታል ሄድኩ። እንዳታውቀኝ የሌላ ሰው ስም ሰጠሁ። ሥራዬን ስትጠይቀኝ ገበሬ ነኝ አልኩ። መዳፌን አየት አድርጋ «ገበሬ» ብላ ጻፈች።

«አሥራ ሁለት ነው የማስገባው፤ አብረውኝ ይቁጠሩ። ሳወጣም እንቆጥራለን» አለችኝ። አሥሩን ወገቤና እግሬ ላይ፣ ሁለቱን ጆሮዬ ላይ ሰካች። «እስክመለስ እንዳይነሡ» ብላ ወጣች።

እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ከመጋረጃው ወዲያ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ! ትከሻ ነው እንጂ ሳንቃ አይደለም!»

ጎረቤታችን አናጢው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ጀማሪ እንኳ አያደርገውም። መርፌ መንቀል ምን ያቅተኛል ብዬ፣ ወደ ኋላ እየዳበስኩ ራሴ ነቀልኳቸው። ሳልቆጥር ሳህኑ ላይ ጥዬ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ በጓሮ በር ወጣሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ኮፍያዬን ሳወልቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ትኩር ብላ አየችኝ። «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጉትቻ አማረዎት እንዴ?» ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። አሥራ ሁለተኛዋ መርፌ ጆሮዬ ላይ ነበረች።

ነቅዬ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኳት። ስልክ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። ልጅቷ ግን፣ ዛሬ እንደሰማሁት፣ አሥራ አንድ ብቻ አግኝታ፣ ክፍሉን ዘግታ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ወለሉን ስትፈልግ ዋለች። ከዚያም ደንቡ እንደሚያዘው ራሷን ራሷ ሪፖርት አደረገች። አሁን ከሥራ ታግዳለች።

አናጢው ዛሬ ማስታወቂያውን አንብቦ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«አንተ እኮ ያኔ ብለህ ነበር» አለኝ። «እኔ ሞኙ አንተን አፍሬ፣ ተደብቄ ስመላለስ ነበር። ይኸው፣ ክንዴን እስከዚህ ማንሣት ጀምሬ ነበር።» እስከ ደረቱ አነሣው። «እዚሁ ሊጀመርልን ነው ብዬ ነበር። በል ተወው፣ አንተ መርፌ ታውቃለህ።»

በዚያው እጁ ጨበጠኝ። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

የጤና ኬላዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢም የቆየ ልምድ አለዎት ብሎ በስብሰባው እንድናገር ጠርቶኛል። እገዳው ይጽና ወይስ ይነሣ የሚለው የሚቆረጠው እዚያ ነው። የልጅቷም ነገር እንደዚሁ። ለአንቺ የጻፍኩትን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ቆሜ መናገር እችል እንደሆነ ገና አላውቅም።

እናትሽ ሰላም ትልሻለች። ያኔ ለክፍልሽ የሰፋሽውን መጋረጃ ዛሬ አጥባ አስጥታዋለች። ለስብሰባ የምለብሰውን ኮትም ተኩሳ ሰቅላልኛለች። ኪሱን ስዳብስ የክብሪት ቀፎዋን አገኘኋት። እኔ የደበቅኳት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳንልሽ፣ ልጄ። በሄድሽበት የሚያከብርሽ ሰው አይጥፋ።

አባትሽ

ስብሰባው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነው።