ለጉባኤው ያነበብኩት ወረቀት

ውድ እህቴ እትዬ ሹቫይ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ብርዱ ሲገባ ባሰበት ወይስ ተሻለው? ቤተሰቡስ ሁሉ አማን ነው? እኔ፣ ጌታ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። በቆሎውም ጎተራ ገብቷል። ባለቤቴ ኔትሳይ ካረፈች ወዲህ የበቆሎ ሳድዛዬን ራሴ አገነፋለሁ፤ ዛሬም ይጓጉልብኛል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሁለት የሕግ ሴቶችና አንዲት ነርስ ከከተማ መጡ። የገጠር ሴቶችን ያለ ክፍያ ያክማሉ፣ ያማክራሉ፣ አቤቱታ ይጽፉላቸዋል። የጸሎት ቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ነውና ደስ እያለኝ ከፈትኩላቸው። «እግዚአብሔር የመበለቶች ዳኛ ነው» ብዬ ጸሎት ያደረስኩትም እኔው ነኝ።

ታላቋ ጠበቃ ለትምህርት እንዲሆን ስም ያልተጻፈበት የአንዲት ሴት አቤቱታ እንዲነበብ ፈለገች። ድምፁ የሚሰማ አንባቢ አለ ወይ ስትል፣ አሮጊቷ አምቡያ ቼኔሳይ «ጆሳያ አለልን! እሱ እንኳን ወረቀት ግድግዳም ያነባል!» ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። ባሏ በሞተ በዓመቱ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ከወንድሞቹ ለባልነት ለምትመርጠው እንድታቀብል የሟቹን ምርኩዝ ሰጣት ይላል። እሷ ግን ለትንሽ ልጇ አቀበለች፤ ባል አልሻም፣ ልጆቼን በቤቴ አሳድጋለሁ ማለቷ ነው። እኔም ቀና ብዬ «ልክ ነው፣ ወጋችን ይፈቅዳል» ስል ለጠበቃዋ አስረዳሁ! እትዬ፣ ያን ጊዜም አልነቃሁም። ቀጥሎ፣ ሚስት የሞተችበት የባሏ ወንድም «ንቃናለች፣ ወደ አባቷ ትሂድ» ብሎ ቤቷንም ማሳዋንም ያዘ ይላል።

ማንበቤን አቆምኩ። የሚስቅ የለም፤ ሁሉም እግር እግሩን ያያል። ከአባቷ መንደር በእግሯ የመጣችው ሩራማይ፣ የሟቹ ወንድማችን የጋሪካይ ሚስት፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። ጠበቃዋ ሰውየው እኔ መሆኔን አላወቀችም፤ «ምነው ቆሙ?» አለችኝ። አምቡያ ቼኔሳይ ቀበል አድርገው «ጨርሰው እንጂ አንባቢው!» አሉኝ። እየተንተባተብኩ ጨረስኩት።

ሦስት ዓመት ሙሉ «ለልጆቹ ነው የምጠብቀው» እያልኩ ጸልያለሁ። ምርኩዙ የሚሰጥ ዕለት ግን ጢሜን ተላጭቼ፣ የሠርጌን ኮት ለብሼ እንደሄድኩ ትዝ አለኝ። ያስወጣኋት ለወግ ብዬ ነው ወይስ ስላልመረጠችኝ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ መጻፉ አቃተኝ።

ጠበቃዋ ቤቱ የሚስትና የልጆች እንጂ የወንድም አይደለም አለችን። ቅዳሜ ዕለት የቤቱን ቁልፍ በሰው ፊት አስረከብኳት፤ ማሳዋንም ለመጪው ዝናብ ራሷ ታርሰዋለች። በወረቀቱ ከጠየቀችው የቀረው አንቺ ይዘሽው የሄድሽው የስፌት መኪናዋ ነው። ልጆቿን የምታሳድገው በእሱ ነበር። አውቶቡስ ላይ የጫንኩልሽ እኔ ስለሆንኩ አልፈርድብሽም። መልሰሽ ላኪው፤ ካልሆነልሽም መጥቼ በትከሻዬ አመጣዋለሁ።

ለባለቤትሽ ለዴምቤ፣ ለትልቋ ልጅሽ ለንያሻ፣ ለመንቶቹም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አምቡያ ቼኔሳይ ጉልበትሽን ጌታ ይማርልሽ ይላሉ። ሩራማይንም ለእትዬ ምን ልበልልሽ አልኳት። እሷም «ምርኩዙን ለልጄ ሳቀብል እልል ያሉልኝ እሳቸው ነበሩ። ልባቸውን ማን እንዳዞረው ይጠይቁልኝ» አለችኝ።

እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት።

ወንድምሽ ጆሳያ
ጉቱ፣ ጁላይ 11 ቀን 2011