ሁለት ማንኪያ ወተት በዐቢይ ጾም

ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

በስልክ ለማይሰሙኝ፣ በደብዳቤ ግን ለማያመልጡኝ ለውድ አያቴ ለአባባ ሀይለየሱስ፤

እኔ ኃጢአተኛዋ ሶልያና፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ዓመት ከአራት ወር፣ በፈጣሪና በእርስዎ ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ። በዐቢይ ጾም፣ በእናቴ አጥሚት ውስጥ ወተት ጨምሬያለሁ። የዱቄት ወተት፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ፣ ለሰባት ቀን። ቆሜ ያልኩት ለወጉ አይደለም። ቁጭ ማለት ስላቃተኝ ወረቀቱን አጭሯ ፍሪጅ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። እማዬ ተኝታለች። የሰፈራችን ሰው ጋሽ ዘነበ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ደብዳቤውን ይወስዳል፣ ነገ ወደ አገር ቤት ይበራል። (ጋሽ ዘነበ፣ ከፍተህ እያነበብክ ከሆነ ነውር ነው።)

መቼም «ጨጓራዋን የታመመች ሰው ምን ቆርጧት ትጾማለች?» ይላሉ። አባባ፣ ጨጓራ አይደለም። ጨጓራ የተባለው ለእርስዎ ነው። ለሱቅ ደንበኞቿ ጉንፋን፣ ለማኅበርተኞቿ ደም ማነስ ነው የተባለው። ለማን የትኛውን እንደታመመች መሸምደድ ከሒሳብ ፈተና በላይ ሆኖብኛል። ሒሳቡንም ወድቄያለሁ፣ እሱን በሌላ ቀን እናዘዛለሁ።

ጡቷ ላይ ነው። ካንሰር ነው። እኛ ቤት ስሙ አይጠራም፣ እንደ ክፉ ዘመድ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። በታኅሣሥ ቀዶ ጥገና አደረገች፣ ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ኬሞ የሚሉት መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ በክንዷ ይገባል። ሁለቴ ወስዳለች፣ አራት ይቀራታል። እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡ፣ እኔ እንኳ ባልቀመጥ።

ቆይ፣ ጠራችኝ መሰለኝ።

አልጠራችኝም። በእንቅልፍ ልቧ ነው ያወራችው።

ፀጉሯ በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ጀፕስታውን የሚባለው ሰፈር ያለውን ሱቅ አብራት የምትሠራው እትዬ በለጥሽ ሰው ሠራሽ ፀጉር ገዝታ መጣች። እማዬ አጠለቀችውና መስታወቱን አየች። «በለጥሽ፣ ይሄ እኮ አንበሳ ነው!» እትዬ በለጥሽም አልተሸነፈች፣ «ምን አለበት፣ ያገሳል እንጂ አይታመምም!» ከዚያ ጋሽ ዘነበ ሊጠይቃት መጣ። ሦስት ሰዓት ተቀመጠ።

«አይዞሽ የአለምወርቅ፣ የአክስቴ ልጅም ልክ እንዳንቺ ነበረች።»

«አሁን ደህና ናት?» አለች እማዬ።

«አይ፣ እሷስ አርፋለች።»

እማዬ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እስከ ማስመለስ ድረስ ሳቀች። ሳፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ዘነበ አጽናንቶ የሄደ መስሎታል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሦስተኛውን ልትወስድ ሄድን። ሆስፒታል አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ነርሷ «ማማ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» አለቻት።

«ጾም ላይ ናት» አልኩ።

«እስከ ማታ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያም በኋላ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም።»

«ስንት ቀን?»

«ሃምሳ አምስት።»

ነርሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ንገሪያት። ደሟ ወርዷል፣ አራት ኪሎ ቀንሳለች። ካልበላች ሰውነቷ መድኃኒቱን አይችለውም፣ በሚቀጥለውም እመልሳታለሁ።» አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኳት። እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አመስግኚያት።» በቃ። መድኃኒቱን ሳትወስድ ተመለስን። ታክሲ ውስጥ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ «ካልጾምኩ በምን አፌ አድነኝ እለዋለሁ?» አለችኝ።

ወተቱን የጀመርኩት በማግስቱ ነው። የቀመሰችው ሁሉ ብረት ብረት ስለሚላት አታውቀውም ብዬ ነበር። ትናንት ግን ጽዋውን ጨርሳ አማተበች። «ሶሊ፣ ዛሬ እኮ ብረት ብረት አላለኝም። ጾሜን ተቀብሎልኛል ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እውላለሁ።»

ጉዴን አዩልኝ? ላበላት ብዬ ጭራሽ አስራብኳት። የእሷን ጾም ደግሞ ሰርቄያታለሁ፣ ይሄ ከሁሉ ይከነክነኛል። ወተቱን አቁሜያለሁ። ዛሬ ግን ከንጋት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም። በየሩብ ሰዓቱ እየሄድኩ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ።

ለዚህኛው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ንገሪ ብላት «ማኅበርተኛው ሁሉ ሊሰማ?» አለችኝ። የንስሐ አባቷ የእርስዎ ጎረቤት አባ ሠረቀብርሃን ናቸው፣ ከእሳቸው በቀር የማንንም አትሰማም። አባን ለማግኘት ደግሞ ለእርስዎ መንገር ግድ ነው፣ «አባባ ከሰሙ ይሞታሉ» ትላለች። አባባ፣ እባክዎ አይሙቱ። ሥራ አለብዎት።

ጋሽ ዘነበ ዓርብ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ እሑድን አይጠብቁ። አባን ቤታቸው ድረስ ይሂዱና «ልጄ፣ ታማሚ አይጾምም፣ ብይ» ይበሏት፣ ድምፃቸውን ጋሽ ዘነበ በስልኩ ቀድቶ ይላክልኝ። ረጅም ስብከት አያስፈልግም። ቀጠሮዋ መጋቢት 30 ማክሰኞ ነው። ያን ቀንም ከመለሷት

ይህን መስመር ትቼዋለሁ።

የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፣ ልቸኩል። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ጆሮዎን ይክፈትልዎ፣ በተለይ ጆሮዎን። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

የልጅ ልጅዎ ሶልያና

አባባ፣ ሳልሸጉጠው ደረሰችብኝ። ሻሿን ሳታስር፣ ከኋላዬ ቆማ ከላይ ጀምራ እያነበበች ነው። እኔም መጻፌን አላቆምኩም፣ ካቆምኩ ዞር ብዬ ላያት ነው። የበሽታውን ስም የጻፍኩበት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አሁን ወደ ታች ወረደ።

«ለአባባ ነገርሻቸው?»

«አዎ።»

«አባ ጹሚ ቢሉኝስ?»

«አይሉሽም።»

«ብይ ቢሉኝስ?»

ወንበር ስባ አጠገቤ ስትቀመጥ እሰማለሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ሶልያና» አለችኝ። ሶሊ አይደለም፣ ሙሉውን። «እስክሪብቶውን ስጪኝ፣ የቀረውን እኔ ልጻፍ።»