ስድስተኛ ፎቅ ዘግይቼ ወጣሁ

ለባለቤቴ ለታደለች፣ ለአስቴር እናት፣

ከተለየሽን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ፤ እኔ እናገራለሁ፣ ልጃችን ትጽፋለች። ሳታሳምሪ የምልሽን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ።

ዛንድስፕሩት ሰፈር ያለውን ሱቃችንን ለታናሽ ወንድምሽ ለቀቅሁለት። ጓሮ የተከልሽው ጎመን አሁንም ይቀጠፋል። እኔ ከተማ ገብቼ ሮዘተንቪል ሰፈር አስቴር ጋ ነኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሆስፒታል በተኛሽባቸው አሥራ አንድ ቀናት አንድም ቀን ስድስተኛ ፎቅ ወጥቼ አላየሁሽም። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሾርባሽን በአስቴር እልክ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ ጉልበቴን ነው አልኩ። ደረጃውን ጉልበቴ አይችልም፣ እሱስ እውነት ነው። ሊፍት ግን ነበረ። ፈርቼ ነው።

ጀፕ ገበያ ለሱቁ የገዛሁትን ብርድ ልብስ ተሸክሜ፣ መብራት ጠፍቶ ሊፍት ውስጥ የቀረሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ሱሪዬ ረጥቦ ቤት ስገባ ውሃ ፈሰሰብኝ አልኩሽ። ዝም ብለሽ አጠብሽው። ከዚያ ወዲህ ሊፍት የሰነፍ ነው እያልኩ፣ አንቺንም በዚያ ወገብሽ ደረጃ ለደረጃ አንከራተትኩሽ። ሐኪም አማክር ስትዪኝ፣ እብድ ነኝ እንዴ ብዬ ጮህኩብሽ።

ከቀብርሽ በኋላ አስቴር ሐኪም ጋ ወሰደችኝ፤ ያገራችን ልጅ ነው። ፍርሃትን የተማረ አንጎል አለመፍራትንም ይማራል፣ የሽማግሌም አንጎል ይለወጣል አለኝ። ሳቅሁበት። የሰባ ዓመት ጭንቅላት ደርቋል፣ አይታጠፍም አልኩት። አባባ፣ በሃምሳ ዓመትዎ ዙሉኛ በምን ተማሩት? በእግርዎ? አለኝ። አፈኛ!

እንደ ቋንቋው ነው ያስጀመረኝ። መጀመሪያ ሳዉቦና ብሎ ሰላምታ፣ ከዚያ ዋጋ መናገር፣ ከዚያ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ አይደል? ሊፍቱም እንደዚያው። መጀመሪያ በሩ ተከፍቶ ውስጡ መቆም ብቻ። ሌላ ሳምንት አንድ ፎቅ። ላብ አጠመቀኝ፣ አስቴርን ሰደብኳት፣ በማግስቱ ተመለስኩ። ልቤ ዛሬም ይመታል፤ ግን አያዘኝም። የፈጀው አራት ወር ነው። አራት ወር ብቻ! እሱን በሕይወት ሳለሽ አልሰጠሁሽም።

ባለፈው ሳምንት ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አስቴር አልጋሽን አሳየችኝ፤ መስኮቱ ሥር ነው። ወደ ታች አየሁ። አግዳሚዋ ፊት ለፊት ናት፤ የተቀመጠው ሰው ባርኔጣ እንኳ ይለያል። ለካ አሥራ አንዱንም ቀን ታዪኝ ኖሯል።

አስቴርን አፋጠጥኳት። አባትሽን አትጨቅጭቂው፣ ሰው ከጠየቀሽ ጉልበቱን ነው በይ ብለሻት ኖሯል። እንደዚያ ሱሪ ነው፤ አሁንም ዝም ብለሽ አጠብሽልኝ።

ታደለች፣ ኩሩ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ይህን ማለት ይከብደኛል። ግን አልረሳሽም፣ ነገሩንም አሳምሬ አላወራም። ስምሽ በተነሳ ቁጥር፣ ቸርችም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ጉልበቴን ነበር አልልም። ሚስቴ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ጠበቀችኝ፣ እኔ ፈርቼ ቀረሁ እላለሁ።

ባልሽ